ምስክር የሆነው ሙሾ

የሰፈሩ ልጆች «ስለዚያች ሄሊኮፕተር ንገሪን» እያሉ ነዘነዙኝ። እኔ አንድ ቦታ የማልረጋ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ብቸና ብሆን ነገ ሞጣ ልጄ ቤት ነኝ። ሳልሄድባቸው ሊጽፉት ቸኩለው ነው። እሺ፣ ጻፉ እንግዲህ።

ሄሊኮፕተሯ ትንሽ ነበረች። ለመሬት ጥናት መጣች ተብሎ ስትመላለስብን ሰነበተች። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከብቸና ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ የታናሽ ወንድሜ ማሳ ላይ ወደቀች። ሰው ሲደርስ አብራሪው ሞቷል፤ ብቻውን የነበረ ወጣት ልጅ ነው። ስትወድቅ ያየ አንድም ሰው አልነበረም፤ የገበያ ቀን ስለሆነ መንደሩ ባዶ ነበር። በማግስቱ ግን ያላየ ሰው ጠፋ። አንዱ ዞራ ዞራ ወደቀች ይላል፣ ሌላው ቀጥ ብላ ወረደች ይላል። ጎረቤቴ እንኳ፣ ገበያ ላይ ከእኔ ጋር በርበሬ ስትመርጥ የዋለችው፣ «ስትሰነጠቅ በጆሮዬ ሰማሁ» አለችኝ። ምን ዓይነት ጆሮ ነው እቴ!

አስከሬኑን ወደ አገሩ ወሰዱት። እኛ ዘንድ ግን ሰው ደጃችን ሞቶ ሳይለቀስለት አይቀርም፤ ያውም እናቱ ሩቅ ያለች ልጅ። ስለዚህ ማሳው ላይ ተሰበሰብንና የባሌ እህት ተጠራች። እሷ ከዚህ እስከ ሞጣ የታወቀች አልቃሽ ናት። የሟቹን ስም ባታውቅም አትቸገርም። ጠብመንጃ ነክቶ የማያውቀውን ነጋዴ ጦር ሜዳ ታውለዋለች፤ ቆንቋናውን ዘመዶቹ እስኪሳቀቁ ድረስ ቸር ታደርገዋለች። የዚያን ቀን ቀና ስትል ከፊቷ የወንድሜ ባሕር ዛፍ ቆሟል። እንዲህ ብላ አወረደችው፦

ንፋስ ያልደፈረው፣ ደመና ያልቻለው፣
የጓሮ ባሕር ዛፍ እንዴት ጠልፎ ጣለው!

ሴቱ ሁሉ ደረቱን መታ። እኔም አለቀስኩ፤ የልጁ እናት ታየችኝ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደግሞ ጥግ ላይ ቆሞ በስልኩ ይቀርጻል።

ቀጥሎ አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ሊቀመንበሩን «የዓይን ምስክር አምጣ» ቢሉት ጊዜ ስልኩን ከፈተላቸው። የተማሩት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሙሾ አዳመጡ። ሰብሳቢው «እስቲ መልሰው» አለ። መለሰለት። ከዚያ ወጥተው ባሕር ዛፉን ሲዞሩት፣ ፎቶ ሲያነሱት ዋሉ። አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ አልተሰበረችም። እነሱ ግን ጥፋተኛውን አግኝተዋል። ዛፍ ማሰር ስለማይቻል ወንድሜን አሰሩት።

ስንቅ ይዤ ብቸና ጣቢያ ሄድኩ። «እታለም» አለኝ፣ «ስትተክለው ሰማዩን ለምን አላስፈቀድክም ሊሉኝ ነው መሰለኝ።» እየሳቀ ነው የሚናገረው፤ ያመጣሁለትን ስንቅ ግን አልነካውም። የሰው ነፍስ ጠፍቷል፣ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ ብለውታል። ከተፈረደበት ልጆቹን ማን ያሳድጋል? ማሳውንስ ማን ያርሳል?

ወደ አልቃሿ ገሰገስኩ።

«ሄደሽ አላየሁም በያቸው።»

«ምን? ያለቀስኩት ውሸት ነው ብዬ ልፈርም? ነገ ማን ሊጠራኝ ነው?»

«ወንድሜ ታስሯል እኮ አንቺ!»

«እኔ ምን ላድርግ፤ ከፊቴ የቆመው እሱ ነው። ዋርካ ቢቆም ኖሮ ዋርካ እል ነበር።»

ተኳርፈን ተለያየን። በማግስቱ ጠዋት ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ለቅሶ እንደሚሄድ ሰው ሆና ደጄ ቆመች። «ተነሺ፣ እንሂድ» አለችኝ። ማን ሞተ ብዬ እስክጠይቃት አልጠበቀችኝም።

ቀበሌ ቢሮ ስንደርስ ሰብሳቢው ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቷል። ሊቀመንበሩም አጠገቡ አለ።

«እማማ፣ ስለ አደጋው ያዩትን ይናገሩ» አላት በትሕትና።

እሷ ከክፍሉ መካከል ቆመች። ሰውዬውን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ከዚያ ደረቷን መታ መታ አድርጋ ለቀቀችው፦

ዓባይ ቆላ ወርዶ ነብር የገደለ፣
ከወንበሩ ወድቆ ምነው ጭጭ አለ?

ሰብሳቢው ብድግ አለ። «ኧረ እማማ! ኧረ እኔ አለሁ!»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ነብርም አልገደልክ። ግን ሚስትህ ብትሰማው ፀጉሯን ትነጫለች። የዚያም ልጅ ሙሾ እንዲሁ ነው፤ እሱ ሲወድቅ እኔ ገበያ ነበርኩ። ካላመንከኝ ልቀጥል፤ ቀብርህ ጋ አልደረስኩም ገና።»

ሊቀመንበሩ ልማድ ሆኖበት ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀምሯል። «አጥፋው!» ብሎ ጮኸበት ሰብሳቢው፤ እያማተበ ከክፍሉ ወጣ። የሚያማትበው ሙሾው እንዳይደርስበት ነው እንጂ ለወንድሜ አዝኖ አይደለም። ብቻ ወንድሜ በዚያው ቀን ቤቱ ገባ። አልቃሿም አልተጎዳች፤ ሹሙን በቁሙ አለቀሰችለት ተብሎ እንዲያውም ጠሪዋ በዛ።

ወንድሜ ግን ክፉ ነገር ተረፈው። «እውነት ዛፌ ይሆን እንዴ?» እያለ ይብሰለሰል ነበር። አንድ ቀን ሳላስበው ባሕር ዛፉን ቆርጦ ጣለው። ያም ሆኖ እስኪሞት ድረስ በዚያ በኩል ማለፍ አይወድም ነበር።

ዓመታት አለፉ። ከኮሚቴው አንዱ፣ ያኔ ከሁሉም ታናሽ የነበረው፣ ሞጣ ተዛውሮ ልጄ ግቢ ቤት ተከራየ። ማን እንደሆንኩ ሲያውቅ አንገቱን ደፋ።

«እማማ፣ እኛ እኮ ብቸና ከመምጣታችን በፊት ሰምተን ነበር።»

«ምኑን?»

«አብራሪው ልጅ ሳይወድቅ በፊት በሬዲዮ ተናግሯል። ሞተሩ ጠፍቶብኛል፣ ከቤቶቹ አርቄ ማሳው ላይ ላውርዳት ብሎ ነበር።»