ሦስት መቶ ገጽ ቀይ

የቡሬው ቂርቆስ አባት መሪጌታ ገብረሰንበት ብራና ጸሐፊ ናቸው። የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ነው የሚጽፉት። ልጅየው ግን ኮምፒውተር ላይ ነው የሚውል።

አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት አለ፤ የኮድ ላይብረሪው፣ ማለትም ፕሮግራም ሠሪዎች የሚገለገሉበት የትእዛዞች ስብስብ፣ ማብራሪያ አስቸግሮታል። ሦስት መቶውን ገጽ አስር ሰው ስለጻፈው የትእዛዞቹ ስም አንዱ ገጽ ላይ ደምቋል፣ ሌላው ላይ ጋደል ብሏል። ቂርቆስን "አንድ መልክ ካስያዝከው እንቀጥርሃለን" አሉት።

ወር ሙሉ ለፍቶ ስሞቹን ሁሉ እንዳባቱ ቀይ አድርጎ ላከ። የድርጅቱ አለቃ ያምሮት ወዲያው ደወለች። እኔ ባጃጅ ነጂው አነጋገሯን ስኮርጅ ባጃጅ ተራው በሳቅ ይሞታል፦ "ቂርቆስዬ፣ ምን ነካህ? እኛ ጋ እኮ ቀይ ስህተት ማለት ነው!"

"እኛ ቤት ክብር ነው" አላት፣ ላብ አጥምቆት።

"ለማስተካከል ስንት ቀን ትፈልጋለህ?"

"ስልኩን አይዝጉት።"

ሁሉንም አንድ ዓይነት ስላደረገው ቀለሙ የሚታዘዘው ካንድ ቦታ ነው። እዚያች ላይ ቀዩን በሰማያዊ ቢቀይራት ሦስት መቶው ገጽ ባንዴ ተለወጠ።

"ሰኞ ሥራ ጀምር!" አለችው።

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ ፂማቸውን ይዘው ተከዙ። "እኔ አንዲት ስም ብስት ብራናውን ስፍቅ ነው የምውል። አንተስ ተመችቶሃል እንጅ!"