የዐብዱልጀባር ስፖንዳ

በአማን ከተማ ዐብዱልጀባርን የማያውቅ የጭነት መኪና ሹፌር አልነበረም። ከጅማ መጥቶ ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራው አንድ ሥራ ነው፤ የጭነት መኪና ካሶኒ፣ ከእንጨት የሚገጠም የዕቃ መጫኛ። ሳንቃ ከሳንቃ ሲገጥም የጣት ክፍተት ይተዋል፤ ቡና አየር ካላገኘ ይሻግታል። የኋላ መዝጊያውን ማጠፊያ ከታች ያደርገዋል፤ ሲዘረጋ ተሸካሚ ይረማመድበታል። የጎን ሳንቃውን፣ ስፖንዳውን፣ ግን ለማንም ከፍ አያደርግም፤ ካሶኒው ላይ ለቆመ ሰው ከወገብ አያልፍም። ጭነት ከፍ ባለ ቁጥር መኪናው ጭቃ ቁልቁለት ላይ መገልበጫ ሰበብ ይፈልጋል ባይ ነው። በዚህ ነገር ደረቅ ሰው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ያሰለቻል።

በ1971 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የገበሬዎች ማኅበሩ ሊቀመንበር ተረፈ መጣ። ማኅበሩ ያለው አንድ አሮጌ መኪና ነው፤ ሹፌሩ አባቢያ ደግሞ የዐብዱልጀባር አማች፣ የልጁ የጀውሃራ ባል ነው።

«ጓድ ዐብዱልጀባር፣ ስፖንዳው ላይ ሁለት ሁለት ሳንቃ ጨምርበት። የቡና ኮታችንን በአንድ የጅማ ጉዞ እንጨርሳለን።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የጎጀብ ቁልቁለት ላይ ይገለበጣል።»

«ይሄ የአድኃሪ ወሬ ነው» አለና ተረፈ ፈገግ አለ። ባለፈው ወር እንዲሁ ፈገግ ያለለት የቡና መዛኝ እስካሁን ቤቱ አልተመለሰም።

ዐብዱልጀባር ሳንቃውን አዘጋጀ። ማሰሪያው ላይ ሲደርስ ግን ቡሎኑን እንደያዘ እጁ ደረቀ። በቡሎን ካሰረው፣ መኪናው ያዘነበለ ጊዜ ጭነቱ ይዞት ገደል ይገባል። በእንጨት ሚስማር ከመታው ደግሞ ክብደት ሲበዛ ሚስማሩ ይሰበርና የላይኛው ሳንቃ ይላቀቃል፤ ከረጢቱ ይወርዳል፣ መኪናው ይቀናል፣ አባቢያ ይተርፋል። ያኔ ግን የእንጨት ሚስማሩ ይገኛል፤ አሻጥር ይባላል። አሻጥረኛ ምን እንደሚደረግ ማንም አይናገርም፣ ሁሉም ያውቃል።

በእንጨት መታው። የሚስማሮቹን አናት ጥቁር ቀባ፤ ላየው ሰው ቡሎን ይመስላል።

መኪናው ሰኞ ጠዋት ወጣ። ከዚያ ወዲያ ዐብዱልጀባርን ምግብ አስጠላው። ዝናቡ በጠነከረ ቁጥር አባቢያ ይታየዋል፤ የመኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ተረፈ የመጣ ይመስለዋል። ለአባቢያ ይፍራ ለራሱ፣ መለየት እንኳ አቃተው።

«የጀውሃራ አባት፣ ምን ሆነሃል? ምግቡን እኮ አልነካኸውም» አለች ሚስቱ ዘይቱ።

«ጥርሴን ነው።»

ጥርሱ ደህና ነበር።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ተረፈ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ዐብዱልጀባር ቤት መጣ። ከጎጀብ በሌላ መኪና የተላከ፣ ጥቁር የተቀባ የእንጨት ሚስማር የተሰካበት ስባሪ ሳንቃ ይዟል።

«ሠላሳ ከረጢት ቡና ገደል ገባ። ይሄን የመታው ማነው?»

«አባቢያስ?» አለ ዐብዱልጀባር።

«የጠየቅሁህን መልስ።»

«አባቢያስ?»

ከጠባቂዎቹ አንዱ «ደህና ነው፤ የቀረውን ይዞ ጅማ ገብቷል» አለ። ተረፈ ገላመጠው።

«እኔ ነኝ የመታሁት» አለ ዐብዱልጀባር። «አውቄ ነው።»

ጫማውን አደረገ። ፈርቷል፣ ክፉኛ ፈርቷል። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ወደ ዘይቱ ዞረና ከምሳው ትንሽ እንድትቋጥርለት ለመናት። ከሦስት ቀን በኋላ ገና አሁን ራበው።