የዋንዛዋ ፎርማ ስንጥቅ

ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሰመራ ውስጥ አንድ ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ መፍረስ ጀመረ። የሄድኩት ለዘገባ ነበር። ከበሩ በላይ የጀሶ አበባ ተለጥፏል፤ አንዱን ቅጠል ቀጭን መስመር ጎላ ብሎ አቋርጦታል። የሎደሩን ሾፌር ትንሽ እንዲታገሰኝ ለመንኩት።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። አባቴ ከወሎ የመጣ የጀሶ ባለሙያ ነበር። እንጀራችን የተንጠለጠለው በአንዲት ፎርማ ላይ ነበር፤ አበባ ወደ ውስጥ በተፈለፈለባት የዋንዛ ጣውላ። ጀሶው ተበጥብጦ ይፈስባታል፣ ሲጠና ተገልብጦ አበባ ሆኖ ይወጣል። የሰፈራችን በሮች ያጌጡት በእሷ ነው፤ ሰመራ ስትቆረቆርም አባቴ ይዟት ሄዶ ሠርቷል። ዋንዛ ግን የአዋሽን ሙቀት አይችልም። ስለዚህ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ያስተኛታል፤ ጠዋትና ማታ ውኃ ያርከፈክፍባታል። የረጠበ ጆንያ ሲሸተኝ ዛሬም ያ ቤት ይታየኛል።

እናቴ «ጣውንቴ ጠጥታለች ወይስ እኛ እንቅዳ?» ትለው ነበር።

«እሷ ካልጠጣች አንቺም አትበዪም» ይላታል።

አንድ ግንቦት ውኃ ጠፋ። አባቴ ለሥራ ወደ አዋሽ አርባ ሲሄድ የቀረችንን ግማሽ ጀሪካን «ለፎርማዋ ናት፣ እንዳትነኳት» ብሎ ነበር። በዚያው ቀን ገና መሄድ ያልጀመረችው እህቴ ሐሊማ በትኩሳት ነደደች። እናቴ ጀሪካኗን አየች፣ ልጅቷን አየች። ከዚያ ሻሿን እየነከረች በሐሊማ ገላ ላይ ታደርግ ጀመር። ጀሪካኗ ባዶ እስክትሆን አላቆመችም። ከሰዓት በኋላ ከአልጋው ሥር ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ማናችንም ጎንበስ ብለን አላየንም።

አባቴ እንደተመለሰ ጆንያውን ገለጠ። ስንጥቁ አንዱን ቅጠል ሰንጥቆ አልፏል።

«ውኃውን ለልጅህ ነው ያዋልኩት» አለችው እናቴ።

ሄዶ የሐሊማን ግንባር ዳሰሰ። «አልሐምዱሊላህ፣ በርዶላታል» አለ።

ስንጥቁን በሰም ደፈነው፤ ሰሙ በሙቀቱ ቀለጠ። ከዚያ ወዲህ ጀሶው እየገባበት ከፎርማዋ የወጣ አበባ ሁሉ መስመር አለው። አሠሪዎች «ሰዒድ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ሲሉት «የሐሊማ ናት» ይላቸው ነበር። ሌላ ዋንዛ ቢያመጡለትም አልቀረጸም።

ዛሬ እንዲህ ያለ አበባ የሚወጣው ከፕላስቲክ ፎርማ ነው፤ ፕላስቲክ ውኃ አጠጡኝ አይልም። አዋሽም ቧንቧ ገብቷል። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ፎርማዋ የት እንደደረሰች አላውቅም።

«ጋሼ፣ ለጀሶ ነው የምታስቆመኝ?» አለኝ ሾፌሩ።

«ለእህቴ ነው።»

ሳቀና ሞተሩን አጠፋ። አንድ ሠራተኛ በመሮ ሲያላቅቀው አበባው ተሰባበረ። መስመር ያለበት ቅጠል ግን ሳይጎድል ወረደ። አሁን አዋሽ አርባ፣ ሐሊማ ቤት መስኮት ላይ ነው።