የባሌን አባት በስማቸው የጠራሁበት ምርጫ

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከአንጋጫ ተድሬ ሆሳዕና ከገባሁ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ባሌ አስተማሪ ነው፤ ዱራሜ ተመድቦ በየአሥራ አምስት ቀኑ ብቅ ይላል። እኔ የምኖረው ከአባቱ፣ ከእናቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነበር። አባትየውን አባባ፣ እናትየውን እማማ እላቸዋለሁ።

አባባ አናጢ ነበሩ። በሰፈራችን የእሳቸው እጅ ያልነካው በር የለም ብል አላጋነንኩም። ሰው ሲሞትም የሬሳ ሳጥኑን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤትና ጎረቤት በአጥር ሲካሰሱ፣ መጀመሪያ የሚመጡት አባባ እንጨት ወደሚልጉበት ዳስ ነው። እሳቸው መላጉን ሳያቋርጡ ያዳምጣሉ። በመጨረሻ ቀና ብለው አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ፤ ሰዉ ይስቃል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

በእኛም በከምባታ፣ በእነሱም በሀዲያ፣ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ መሰላችሁ? በቋንቋችን አጀማመሩ ስሙን የሚመስለውን ቃል ሁሉ ትተወዋለች። የቅቤ ስም በቋንቋችን እንደ አባባ ስም ስለሚጀምር፣ እኔ በዚያ ቤት ቅቤን በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ "ራስ የሚቀባው" ነበር የምለው። ማንም ቆሞ አይጠብቀኝም፤ አፌ ራሱ ዘሎት ያልፋል። የባሌ ወንድም ግን አይለቀኝም።

"እትዬ፣ ገበያ ወጥተሽ ምን ልትገዢ ነው?"

"ራስ የሚቀባው።"

"ለወጡስ?"

"እሱኑ።"

"ወይ ጉድ! ዛሬ የምንበላው የሰው ራስ ነዋ!"

ሃያ ዓመቱ ነበር። ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ ከአባቱ ጋር እንጨት ይሠራል።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። አንጋጫ ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት የላከኝ አልነበረም። ሆሳዕና መጥቼ በቀበሌው አዳራሽ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ተማርኩ። ዓመት ሳይሞላኝ ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ የማነብ ሆንኩ፤ የሳሙና ካርቶን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ መናኸሪያ የቆመ አውቶቡስ ጎኑ ላይ የተጻፈበትን ሳይቀር። በዚህ በኩል ነው ነገሩ እኔ ላይ የመጣው።

ያ ሰሞን ብሔራዊ ውትድርና የታወጀበት ነበር። ከአውራጃው ለየቀበሌው ቁጥር ይወርዳል፤ ይህን ያህል ወጣት አቅርቡ ይባላል። የማን ልጅ እንደሚሄድ ጽፎ የሚያስረክበው የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው። የነበረው ሊቀ መንበር የዘመዶቹን ልጆች ትቶ የሰው ልጅ ይጽፋል እየተባለ ሰዉ በሆዱ ሲንጨረጨር የሥልጣን ዘመኑ አለቀና ምርጫ ተጠራ።

አመራረጡን ለማያውቅ ልንገረው። ቀኑ እሁድ ጠዋት ነው፤ እኛ የጸሎት ቤት ሰዎች ወደ ጸሎት የምንሄድበት ሰዓት መሆኑን አያጡትም። መቅረት የለም፤ በር ላይ ስም ይያዛል፤ የቀረ ቤተሰብ ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና ሊወስድ ሲመጣ ይጠየቅበታል። በመጀመሪያው እሁድ ጥቆማ ይደረጋል። አንዱ ተነስቶ "እገሌን ጠቁሜአለሁ" ይላል፤ ሌላው "እደግፋለሁ" ይላል፤ የተጠቆመው ይጻፋል። ሳምንቱን አውራጃው ሰዎቹን ያጣራል። በሁለተኛው እሁድ ተጠቋሚዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቆማሉ፤ ማን እጅ እንዳወጣላቸውና ማን እንደከለከላቸው እንዳያዩ ነው። ስማቸው አንድ በአንድ ይጠራል፤ ሰዉ እጁን ያወጣል፤ ይቆጠራል። ብዙ እጅ ያገኘ ሊቀ መንበር ነው። "አልፈልግም" የሚባል ነገር የለም። ከዚያ በፊት አንዱ ጎረቤታችን ሲመረጥ "ጨጓራዬን ያመኛል" ብሎ ሦስት ቀን ታስሯል፤ ሲወጣ በእርግጥም ጨጓራውን ያመው ነበር።

በጥቆማው እሁድ ጎረቤታችን ያሉ አንዲት ባልቴት ተነሱና አባባን ጠቆሙ። ገና ተናግረው ሳይጨርሱ "እደግፋለሁ!" የሚለው ድምፅ ከየአግዳሚው ተነሳ። በጥቆማ የሦስት ሰው ስም ተያዘ፤ የአባባ ሁለተኛው ነው። በዚያው ሳምንት የቀበሌው ጸሐፊ በወባ ወደቀ። ስም ጠሪ ሲፈለግ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዬ፣ በእኔ ኮርቶ እኮ ነው፣ "እሷ ድምፅዋም ጥሩ ነው፤ ታንብብ" ብሎ አስመዘገበኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት አባባ ወደ ዳሳቸው ጠሩኝ። እንጨቱን አስቀምጠውት ነበር፤ እጃቸው ባዶ ሆኖ ሳያቸው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

"ልጄ፣ ነገ እኔን ይመርጡኛል።"

"ሰዉ ስለሚወድዎት ነው አባባ።"

"ይውደዱኝ! ለበሩ ይውደዱኝ፣ ለሳጥኑ ይውደዱኝ። ሰዉ እኔ ከገባሁ ልጆቹ የሚቀሩ መስሎታል። እኔ ቁጥሩን አላወጣውም፤ ቁጥሩ ከላይ ነው የሚመጣው። አምስት ካሉኝ አምስት የሰው ልጅ በእጄ ጽፌ መስጠቴ ነው። ከዚያ በኋላ የማንን ደጃፍ እረግጣለሁ?"

 መላውን ሲያስቡበት ሰንብተዋል።

"አንቺ የኔን ስም አትጠሪም አይደል?"

"እንዴት ብዬ አባባ!"

"እንግዲያው አትጥሪው። አንደኛውን ጥሪ፤ የኔ ጋ ስትደርሺ ዝለይኝና ሦስተኛውን ጥሪ። ካድሬው ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ እኛን ለይቶ አያውቀንም። የእኛ ሰው ደግሞ ለምን እንደዘለልሽኝ ይገባዋል፤ አንቺን የሚወቅስ የለም። ያልተጠራ ሰው አይመረጥም።"

ሳስበው ጥሩ ሆኖ ታየኝ። ምን ልበላችሁ፣ ደስም አለኝ፤ ምንም ሳላደርግ፣ እንዲሁ እንደወጉ በመሆን ብቻ አንድ ሰው የማድን መሰለኝ። እማማም ዳሱ አጠገብ ካለው ጓዳ ሆነው ሰምተው "እግዚአብሔር ነው ጸሐፊውን ያሳመመው" አሉ። የባሌን ወንድም ጨምሮ ከአራታችን አንዳችንም፣ ግድግዳው ፊት ሦስት ጀርባ እንደሚቆም አላሰብንም።

እሁድ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከአውራጃ የመጣው ካድሬ ወጣት ነው፤ ካኪ ለብሶ፣ እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ ሰክቶ፣ ጠረጴዛው ኋላ ተቀመጠ። መፈክር ተባለ፤ ግራ እጃችንን አነሳን። ሦስቱ ተጠቋሚዎች ወጥተው ወደ ግድግዳው ዞሩ። አባባ መሀል ናቸው። የክት ኮታቸውን ለብሰው ነበር፤ ከትከሻው ላይ ትንሽ የእንጨት ፍቅፋቂ ተጣብቆበታል፤ ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አንደኛውን ጠራሁ። የነበረው ሊቀ መንበር ነው፤ ዘመዶቹና የፈሩት ሰዎች እጃቸውን አወጡ፤ ተቆጠረ። ከዚያ ሁለተኛውን ዘልዬ ሦስተኛውን ጠራሁ። ጥቂት እጅ ወጣ፤ ተቆጠረ። ወረቀቱን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ካድሬው ወደ ግድግዳው አየ። ጣቱን እያወዛወዘ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ።

"ጓዲት፣ መሀል ያለው ሰውዬ ምንድነው? ምሰሶ ነው?"

አዳራሹ ሳቀ። 

"ሁለተኛውን ስም አንብቢ እንጂ። ማንበብ አቃተሽ?"

"ታነባለች!" አለ አስተማሪዬ ከኋላ። "የኔ ተማሪ ናት፤ ጋዜጣ ታነባለች!"

እኚያ አባባን የጠቆሟቸው ባልቴት ታግሠው ታግሠው አልቻሉም፤ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተነሱ። "ኧረ ጓድ፣ ልጅቷን አታስጨንቃት! የባሏ አባት ናቸው እኮ። በስማቸው ልትጠራቸው ነው እንዴ? እንደዚህ ያለ ነገር አገርህ አለ?"

ደግሞ ተሳቀ። ካድሬው ግን አልሳቀም።

"ለዚህ ነው ያስተማርናችሁ? ሴት ልጅ ከዚህ ሁሉ ኋላ ቀር ልማድ ነፃ ወጥታለች ተብሎ እየታወጀ፣ አንቺ በአብዮታዊ መድረክ ላይ የአንድ ሰው ስም መጥራት ትፈሪያለሽ? ብትጠሪው ምላስሽ ይቆረጣል?"

"ጓድ፣ እርስዎ ያንብቡልን፣ ምን ቸገረ" አለ አንዱ ሽማግሌ።

"እኔማ አነበዋለሁ። ግን እሷ ነች የምታነበው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ዝቅ ሲያደርገው ነው የፈራሁት። "ወይስ እንዳይመረጥ ተመካክራችኋል? ምርጫ ማደናቀፍ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?"

ያኔ ሳቁ ሁሉ ጠፋ። የሚሰማው የአግዳሚ መንቋቋት ብቻ ሆነ። እማማን በዓይኔ ፈለግኳቸው፤ ራሳቸውን ደፍተዋል። የባሌ ወንድም በሩ አጠገብ ቆሞ ከንፈሩን ነክሶ ያየኛል።  ብጠራቸው እሳቸውን መስጠቴ ነው፤ ባልጠራቸው ሁለታችንም ታስረን ልናድር ነው፤ ሦስተኛ መንገድ አልታየኝም፤ እስከዛሬም አልታየኝም።

አባባ ከግድግዳው ሳይዞሩ፣ ለካድሬው በሚሰማ አማርኛ፣ "ጥሪኝ፣ ልጄ" አሉ። "ጥሪኝ፤ ምንም አይደለም።"

ጠራኋቸው። ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የአያታቸውን ስም። ድምፄ መሀል ላይ ተሰበረ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ደግሞም ወዲያው፣ ስጠራቸው የደነገጡት ሰዎች ሁሉ፣ እጃቸውን አወጡ። አዳራሹ እንደ እንሰት ማሳ በእጅ ተሸፈነ። አንዳንዱ ሁለት እጁን አውጥቶ ካድሬው "አንድ እጅ! አንድ እጅ!" እያለ ይቆጣል። እኚያ ባልቴት እልል አሉ። አባባ ብቻ ምን እንደሆነ አያዩም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ጆሮ ግን አላቸው። ትከሻቸው ወደ ታች ሲወርድ አየሁት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሰዉ እየተከተለ እንኳን ደስ ያለዎ ይላቸዋል። "አሜን፣ አሜን" ይላሉ። እኔ ከኋላ ከኋላ ነበርኩ። ማታ እግራቸውን ላጥብ ስቀርብ አልቅሼ "ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው።

"ስሜን ስለጠራሽ? ተገደሽ ነው።"

"እሱን አይደለም አባባ።"

"ገብቶኛል" አሉ። "እሱም ተገደሽ ነው።"

ክረምቱ አልፎ መስቀል እንደወጣ ከአውራጃ ደብዳቤ መጣ። ስድስት ወጣት። አባባ ማኅተሙን በኪሳቸው ይዘው አንድ ሳምንት ሙሉ እንጨት አልነኩም። ሰው መምጣቱ አልቀረም፤ ዳሱ ሥር ቁጭ ይላል፤ እንደ ድሮው የሚያስቅ ነገር የሚጠብቅ ግን የለም።

"ለእርስዎ እጄን ያወጣሁት እኮ ለዚች አንድ ልጄ ስል ነው" አሏቸው ባልቴቷ። ይህቺ ልጄ የሚሉት ጢም ያቀመቀመ ጎረምሳ ነበር።

"አውቃለሁ እቴቴ" አሉ አባባ። 

እኔም የምችለው ነገር ያለ መስሎኝ አንድ ቀን "ስድስት ሰው አላገኘሁም ቢሉስ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። በቀስታ አስረዱኝ፤ ስድስት ካልሰጡ የአብዮት ጥበቃዎች ገበያ መሀል ያገኙትን አፍሰው አሥራ ሁለት ይወስዳሉ፤ በአንድ ሌላ ቀበሌ ሲሆን አይተዋል። ምግብ አቅርቤላቸው ሳይበሉ ተነሱ።

ዝርዝሩን ሲጽፉ አጠገባቸው ነበርኩ፤ መብራቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ማንበብ ስለምችል ደግሞ ዓይኔን መከልከል አልቻልኩም። አንደኛ ተራ ላይ የጻፉት የገዛ ልጃቸውን፣ ታናሹን፣ ነው። ከዚያ በኋላ ነው እጃቸው ወደ ሌሎቹ የሄደው። የባልቴቷን ልጅ አልጻፉም፤ አንድ ልጅ ያላቸውን ሁሉ ዘለሉ።

ለልጃቸው ራሳቸው ነገሩት። እሱም ወደ እኔ ዞሮ፣ "እንግዲህ እትዬ፣ ራስ የሚቀባውን ማን ሊያስጠራሽ ነው?" አለኝ። ልስቅለት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

የሄዱት ማክሰኞ ነው። አባባ እስከ መኪናው ድረስ ወሰዱት፤ ስድስቱም እስኪጫኑ ቆመው ስማቸውን እየጠሩ ምልክት አደረጉ፤ ሥራቸው ነውና። የባሌ ወንድም ከሰሜን ጦር ግንባር ሁለት ደብዳቤ ጻፈልን። ሁለቱንም ለቤተሰቡ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ሦስተኛ አልመጣም።

እማማ መኪናው የሄደ ዕለት አላለቀሱም፤ ባላቸውንም አልተናገሯቸውም። ረቡዕ ጠዋት ቀሚሳቸውንና ጋቢያቸውን ጠቅልለው፣ ከወንድማቸው ዘንድ ሆመቾ ሄዱ። አባባ ሽማግሌ ይዘው ሦስት ጊዜ ሄዱባቸው፤ እማማም ምግብ አቅርበው፣ እግር አጥበው መለሷቸው። እማማ የተመለሱት የአባባ የሥልጣን ዘመን ካለቀ በኋላ ነው። መጥተው ዕቃቸውን አስቀመጡና ከእኔ ጋር እንሰት ሊፍቁ ወደ ጓሮ ወጡ።