ከሻሿ የጎደለው ቁራጭ

ዳላስ መብራት የጠፋበት ያ የበረዶ ወር፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ ገብቶ ነበር የሚቀመጠው። በሰፈራቸው በቪከሪ ሜዶ ሰው ሁሉ ካፖርቱን እንደለበሰ ያድር ነበር። የተዋበች ጉልበት የታመመው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃ በወጣች ቁጥር "ወይኔ" ማለት ለመደባት።

ባሏ መንገሻ ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነው፤ ትርፍ ወንበር ከተገኘ በነፃ ይበራል። ሌላው በዚህ ዕድል አገሩ ይሄዳል። እሱ ግን አየርላንድ! ያውም ገጠሩን።

"እዚያ ማን አለህ?" ትለዋለች።

"ድንጋይ ነው የማየው፣ ተዋብዬ። ክብ ማማ፣ ጣራው የወደቀ ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰው የሚረዝም የድንጋይ መስቀል።"

"ድንጋዩ ቀሚስ ይለብሳል እንዴ?"

ይስቃል። ሳቁ ነው ይበልጥ የሚያጠራጥራት።

አንድ ጊዜ እሱ በሄደ ማግስት ለቸርች ስትለባብስ፣ ሰማያዊ ሻሿን ጫፉ በመቀስ ተቆርጦ አገኘችው። የሰው ልብስ ተደብቆ የሚቆረጠው ለመተት ነው፤ እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ አስጠንቅቃታለች።

ሲመለስ ሻወር እስኪገባ ጠብቃ ስልኩን ከፈተች። የመንደር ምንጭ፤ ከምንጩ በላይ ዛፍ፤ ዛፉ ላይ ጨርቅ በጨርቅ። መሃል ላይ የእሷ ሰማያዊ።

"አድባር!" አለች። ፎቶውን ለቸርች ሽማግሌዎች ላከችው።

መንገሻ አሥራ አንድ ዓመት የቸርቹ በር ላይ ቆሞ ሰው ተቀብሏል። ሽማግሌዎቹ ከተዋበች ጋር አስቀመጡትና "ወንድም መንገሻ፣ ዛፍ ማምለክ ጀመርክ?" አሉት።

"ለጉልበቷ ነው" አለ። "እዚያ ከታመመ ሰው ልብስ ቆርጠው ያስራሉ። ጨርቁ ሲበሰብስ ሕመሙም ይለቃል ይላሉ። እኔ እንኳ አላመንኩበትም፤ ግን አሰርኩት።" ወደ ተዋበች ዞረ። "ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"

"አንተስ ሻሼን ስትቆርጥ ብትጠይቀኝ?"

"እሺ ትዪኝ ነበር?"

ሽማግሌዎቹ ከበር አገልግሎቱ አገዱት፤ በሳምንቱ ሻንጣውን ይዞ ከቤት ወጣ።

ጉልበቷ ዘንድሮ ቀሎላታል። በሐኪሙ መርፌ ነው ትላለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። የተቆረጠውን ሻሽ ግን አልጣለችውም። "ማን ያውቃል፣ እዚያ ሴት ይኖረው ይሆናል" ትላለች አሁንም።

የመንገሻ የሥራ ጓደኛ ጋሹ ከሦስት ሳምንት በፊት በቪዲዮ ደውሎለት ነበር። መንገሻ ምዕራብ አየርላንድ፣ ምንጩ ያለበት መንደር፣ ከአንድ ዳቦ ቤት በላይ ባለች ክፍል ብቻውን ነበር።