የኮቴ ቁልፍና የጫልቱ ጥያቄ

ለአምቦና አካባቢዋ ሕዝብ በሙሉ፦ የለበስኩት ኮት የመሐል ቁልፍ ዛሬ ጠዋት ተበጥሶ ጠፍቷል።

የበጠሰችው የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ጫልቱ ናት። ሆስፒታል ውስጥ ለደም ካንሰሯ ሕክምና ጀርባዋ ላይ መርፌ ሊወጓት ነበር።

ሦስት ጎልማሳ የሆስፒታሉ ሠራተኞች ጨምድደው ያዟት። አንዱ "ዝም ካላልሽ ደግመን እንወጋሻለን" አላት። አንገሸገሸኝ። ጀግንነት እንግዲህ በሕፃን ላይ ነው።

"አካኮ፣ ምን አጥፍቼ ነው?" አለችኝ፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው።

ጎረቤታችን "ካልበላሽ በመርፌ ትወጊያለሽ" እያለ ስላሳደጋት ቅጣት መስሏታል።

"ምንም አላጠፋሽም። ያማል፤ ግን አብረን እንቆጥራለን" አልኳት። ነርሷ ሰዎቹን አስወጥታ ደረቴ ላይ አስደገፈቻት። ቁልፌን ጨብጣ በኦሮምኛ ቆጠረች፤ አሥር ሳትደርስ መርፌው አለቀ።

እናንተስ ልጆቻችሁን በመርፌ ታስፈራራላችሁ? ሳታፍሩ ጻፉልኝ።

እኔም አላፍርም፤ ጎረቤት ያልኩት ፈጠራ ነው። አስፈራሪው እኔው ነኝ።