ጺሜ የወደቀ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ የድራማ ጺም ስለጥፍላት የማጣበቂያው ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠውና ሳቄ መጣ። ምን እንዳሳቀኝ ልንገራችሁ።

ኦክላንድ በገባን በመጀመሪያው ዓመት ነው። ዲቪ ደርሶን መጥተን ፍሩትቬል ባቡር ጣቢያው አጠገብ ጠባብ አፓርትመንት ተከራይተን ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። አንድ ቀን ጮክ ብዬ ሳነብ ልጆች በአነጋገሬ ስለሳቁብኝ፣ ከዚያ ወዲህ ክላስ ውስጥ አፌን አልከፍትም ነበር።

የታሪክ አስተማሪያችን ዕጣ አስወጣችን። የደረሰንን ሰው ሆነን፣ ወላጆች ባሉበት ሕይወቱን በራሱ አንደበት መተረክ ነበረብን። ለእኔ የደረሰኝ ከአየርላንድ ተሰድዶ አውስትራሊያ የገባ፣ ሱቅ ከፍቶ የበለጸገ፣ ኋላም ለቅኝ ግዛቱ ምክር ቤት የተመረጠ ጺማም ሰውዬ ነው። ክላሱ ሲያልቅ፣ «እኔ አክሰንት አለኝ፤ ለሌላ ልጅ ስጪው» አልኳት።

«እሱም ነበረው» አለችኝ። «ያልሳቁበት ይመስልሻል?»

አባቴ ታክሲ ይነዳ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ መኪናው ውስጥ እንለማመድ ጀመር። በመስኮቱ የሜክሲኮዎቹ ዳቦ ቤት ሽታ ይገባል።

«ሰውዬው ሲመጣ ዘመድ ነበረው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ማን መረጠው?»

«ሱቁ የሚመጡት ሰዎች።»

«አየሽ! ከሰው መግባባት ነዋ!» ብሎ መሪውን መታ መታ ያደርጋል። ቀጥሎ እንደ አኩራፊ መራጭ ድምፁን አጎርንኖ፣ «ክቡርነትዎ፣ የሰፈራችን መንገድ መቼ ነው የሚሠራው?» ይለኛል። እኔም በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ቃል እገባለታለሁ። እየተንከተከትን በሩ ላይ እንደርሳለን።

በዕለቱ አባቴ ሺፍት ስላለው እንደማይመጣ ነግሮኝ ነበር። የእሱን ሰፊ ኮት ለብሼ፣ ጺም በማጣበቂያ ለጥፌ መድረክ ላይ ወጣሁ። መርከቡንና ሱቁን ደህና አድርጌ ተናገርኩ። ምርጫው ላይ ስደርስ ግን ጺሜ በአንድ ወገን ተላቀቀና መሬት ላይ ዱብ አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የሸመደድኩት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋኝ።

ያኔ ከበሩ በኩል በአማርኛ፣ «ክቡርነትዎ! የሰፈራችን መንገድ መቼ ነው የሚሠራው?» የሚል ጎርናና ድምፅ መጣ።

አባቴ ነው! ሥራውን ትቶ፣ የታክሲውን ቁልፍ እንደጨበጠ ቆሟል። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እኔ ሳላስበው ጺሙን አንስቼ እያውለበለብኩ በእንግሊዝኛ፣ «ጌታዬ፣ መንገዱ ይሠራል፤ መጀመሪያ ግን ጺሜን ልጠግን!» አልኩ።

አሁንም ሳቁ፤ ይሄኛው ሳቅ ግን የእኔ ነበር። በዚያው አክሰንቴ እስከ መጨረሻው ተረኩላቸው። አስተማሪያችን፣ «ይህን ሰው የምትመርጡ እጃችሁን አውጡ» ስትል አባቴ፣ ገና ዜግነት ያላገኘው፣ ሁለቱንም እጁን አወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክ በደወለ ቁጥር፣ «ክቡርነትዎ፣ ምሳ በልተዋል?» ነበር የሚለኝ። ስመረቅም፣ ሳገባም፣ አርጅቶ ሆስፒታል ተኝቶም «ክቡርነትዎ» እንዳለኝ ነው ያረፈው። ዛሬ በሥራ ቦታዬ አንቱ የሚለኝ አላጣሁም። እየሳቀ አንቱ የሚለኝ ግን እሱ ብቻ ነበር።